ከእንጦጦ እስከ ግቢ፦ ዳገት የወጣው ውሃና የቧንቧው ልክ

የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ታሪክ በተወሳ ቁጥር ተደጋግሞ የሚነገረው፣ ውሃ ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ምኒልክ ግቢ ኮረብታ ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ መደነቁ ነው። ሥራው የተፈጸመው በ1886 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የመራውም ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ኢልግ በዙሪክ ተምሮ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ የገባ፣ በዚያው በ1886 ዓ.ም. ደግሞ የምድር ባቡሩን ውል ከንጉሠ ነገሥቱ የተቀበለ ባለሙያ ነው።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም ደብር የሚገኝበት ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ግቢው ያረፈበት ኮረብታ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ከተማው ብርዱንና የማገዶ እጦቱን ሸሽቶ ወደ ፍልውሃ ሲወርድ ምንጮቹ ከላይ ቀሩ። ያለ መግፊያ ሞተር ውሃ ማድረስ የተቻለው ስለዚህ ነው። በተዘጋ ቧንቧ የገባ ውሃ፣ በመንገዱ በሰበቃ ከሚያጣው በቀር፣ ወደ ምንጩ ከፍታ ለመመለስ ይጥራል። ተመልካቹ ያደነቀው ዳገቱን ነበር፤ መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው ግን ሸለቆው ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ ዝቅታ በየካሬ ሴንቲሜትሩ 1 ኪሎ ያህል ግፊት ይጨምራልና፣ ከምንጩ 60 ሜትር ዝቅ ባለ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋ ቧንቧ 6 ኪሎ ይሸከማል። በዚያ ላይ ደካማው መጋጠሚያውና እጥፋቱ ነው። ጉብታ ላይ ደግሞ አየር ታስሮ መንገድ ይዘጋል።

ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በኢልግ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ብረት ሁሉ ከጠረፍ የሚደርሰው በግመልና በበቅሎ ነበር። ረጅም ቧንቧ በእንስሳ ጀርባ አይመችም፤ ቧንቧው ባጠረ ቁጥር ደግሞ መጋጠሚያው ይበዛል። ተሳስቶ የተቆረጠውን የሚተካ ብረትም በቅርብ የለም። ስለዚህ ከመጋዙ በፊት ልኩ መቅደም ነበረበት።

ቧንቧን በስፍራው ለማጠፍ የሚገደድ ሠራተኛ፣ ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ፣ አንድ ሒሳብ ሊዘነጋ አይገባውም። የእጥፋቱ ሬዲየስ በቧንቧው መካከለኛ መስመር 20 ሴንቲሜትር፣ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ይሁን። ሁለቱን ክንድ እስከ ጥጉ ድረስ ቢለኩት 40 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ብረቱ የሚሄድበት ቅስት ግን 31.4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በየእጥፋቱ የ8.6 ሴንቲሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው፤ አሥር እጥፋት ላይ 86 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ልኩ የሚወሰደው በመካከለኛው መስመር የሆነበት ምክንያት፣ ሲታጠፍ የውጭው ግድግዳ ስለሚሳሳና የውስጡ ስለሚጨማደድ ነው። ስፌት ያለው ቧንቧ ከሆነም ስፌቱ ወደ ጎን ይደረጋል እንጂ ወደ ውጭ አይጋለጥም። በእሳት ሲታጠፍ ቧንቧው እንዳይጠፈጠፍ ደረቅ አሸዋ ይሞላል፤ እርጥብ አሸዋ ግን እንፋሎቱ መድፈኛውን ሊያስፈነጥርና ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህን ቀጥቃጭም መሐንዲስም እኩል ሊያውቀው ይገባል።

የኢልግ ቧንቧ በመጀመሪያ ያገለገለው ግቢውን ነው። የከተማው ነዋሪ ግን፣ የገፈርሳ ግድብ ውሃ እስኪመጣለት ድረስ፣ በአብዛኛው ከምንጭና ከጉድጓድ በእንስራ መቅዳቱን አልተወም።