ፕሉቶኒየም ምንድነው? 8 ኪሎውስ ለምን ያን ያህል ያስጨንቃል?

የኒውክሌር ዜና ስናቀርብ "ፕሉቶኒየም ምንድነው?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። ባጭሩ እንዲህ ነው 👇

🔹 ከየት ይመጣል?

ተፈጥሮ ውስጥ ያለው ከቁጥር አይገባም፤ ሰው ነው የሚሠራው። ዩራኒየም 238 ሪአክተር ውስጥ ኒውትሮን ሲውጥ ደረጃ በደረጃ ወደ ፕሉቶኒየም 239 ይቀየራል። ከዚያ ያገለገለው ነዳጅ በአሲድ ሟሙቶ ፕሉቶኒየሙ ለብቻው ይለያል። መጀመሪያ ያገኙት አሜሪካ በርክሌይ የነበሩት ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ በ1941።

🔹 ለምን ያስፈራል?

እ.ኤ.አ ኦገስት 9 ቀን 1945 ናጋሳኪን ያወደመው ቦምብ የያዘው ፕሉቶኒየም 6 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። አንድ ትልቅ ብርቱካን በሉት! ጨረሩ ቆዳን አያልፍም፤ ብናኙ ሳንባ ከገባ ግን ለካንሰር ያጋልጣል። ግማሹ እስኪከስም ደግሞ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

🔹 ጥቅምስ የለውም?

አለው። ወንድሙ ፕሉቶኒየም 238 ለቦምብ አይውልም፤ ግን ለአሥርት ዓመታት ሙቀት ይሰጣል። በ1977 የመጠቁት የቮዬጀር መንኮራኩሮችም ሆኑ ማርስ ላይ ያለችው ፐርሲቪራንስ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከሱ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ 239ን ከዩራኒየም ጋር ቀላቅላ መብራት ታመነጭበታለች።

🔹 ማን ይቆጣጠረዋል?

በ1970 ሥራ ላይ የዋለው የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት አለ። በዚህ መሠረት ቦምብ የሌላቸው አባል አገራት ክምችታቸውን ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያስቆጥራሉ። ካሜራ ይተከላል፣ ማሸጊያ ይደረጋል፣ መርማሪ ይሄዳል። ኤጀንሲው አንድ ቦምብ ሊወጣው ይችላል ብሎ የሚያሰላው 8 ኪሎ ነው።

ቃል ብቻውን እንደማይበቃ በ1974 ታይቷል። ሕንድ ካናዳ "ለሰላማዊ ዓላማ" ከሰጠቻት ሪአክተር ባገኘችው ፕሉቶኒየም ፍንዳታ ሞከረች። ከዚያ ወዲህ ነው ሻጭ አገራት ተሰባስበው ሽያጩን ያጠበቁት።

ክፍተቱ ግን ዛሬም አለ። ሕንድ፣ ፓኪስታንና እስራኤል ስምምነቱን አልፈረሙም፤ ሰሜን ኮሪያ በ2003 ወጥቻለሁ ብላለች። ኢትዮጵያ አባል ናት፤ አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገውን የፔሊንዳባ ስምምነትም አጽድቃለች።

ስለዚህ "መርማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ" የሚል ዜና ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያቺን ብርቱካን የሚያህል ነገር የሚቆጥራት ሰው የለም ማለት ነው።