ኮምፒዩተርን በቤት ውስጥ መገጣጠም

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር በቤቴ ስገጣጥም አስቀድሜ የማረጋግጠው የዕቃዎቹን መጣጣም ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት ለኤኤም4 የተሠራ ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ ዲዲአር4 ራምም በዲዲአር5 ማስገቢያ አይገባም።

ማዘርቦርዱን ኬዝ ውስጥ ሳላስገባ፣ የፕሮሰሰሩን የሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተያይቼ ሳልጫን አስቀምጠዋለሁ። ጥቂት ቴርማል ፔስት ቀብቼ ማቀዝቀዣውን አስራለሁ፤ ራሙን እስኪቆለፍ እጫነዋለሁ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ፓወር ሰፕላዩ ነው። በአንዳንዶቹ ጀርባ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለ። 115 ላይ እንዳለ የአገራችንን 220 ቮልት ካገኘ ይቃጠላል፤ ሌሎቹንም ዕቃዎች ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መብራት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ።