ከቅቤ ሣጥን እስከ ፍሪጅ

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። በውስጡ ያለውን ሙቀት እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣል። ከጀርባው ወይም ከጎኑ እጅ ሲያርፍ የሚሰማው ትኩሳት በከፊል ከወተቱ፣ ከወጡና ከጎመኑ ላይ የተነሣ ነው። ሥራው የቆመው ፈሳሽ ነገር ሲተን በአካባቢው ያለውን ሙቀት ይዞ በመሄዱ ላይ ነው። ይህን የኢትዮጵያ ጓዳ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል፤ የሸክላ ገንቦ ውጪው ሲያልበው ላቡ እየተነነ ውስጥ የቀረውን ውሃ ያበርደዋል። ልዩነቱ ከገንቦ የተነነው ውሃ በዚያው መቅረቱ ነው። ፍሪጅ ግን የተነነውን አይለቅም፤ ሞተሩ ጋዙን ጨምቆ ወደ ኋላው ቱቦ ይገፋዋል፣ እዚያ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆንና እንደገና ሊተን ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ዊልያም ከለን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በግላስጎው በ1748 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤተርን አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ አትንኖ ቅዝቃዜ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ሙከራው ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ማድ ቤት ለመግባት ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ፈጀበት። በመካከሉ የሰዎችን ምግብ ያቆየው ከሐይቅ ላይ የተቆረጠ በረዶ ነው።

የቤት ማቀዝቀዣ ታሪክ የሚጀምረው ከቅቤ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቶማስ ሙር የተባለ የሜሪላንድ ገበሬ ቅቤውን ወደ ጆርጅታውን ገበያ ሲወስድ መንገድ ላይ እንዳይቀልጥበት ሞላላ የእንጨት ገንዳ ሠራ፤ በውስጡ የቆርቆሮ ዕቃ አስቀመጠ፣ በሁለቱ መካከል በረዶ ጠቀጠቀ፣ ዙሪያውን በጥንቸል ቆዳና በሱፍ ጨርቅ ሸፈነው። የሌሎች ነጋዴዎች ቅቤ በየገንዳው ሲላላ የሱ ግን እንደ ጡብ ጠንክሮ ስለሚደርስ ገዢው ዋጋ ጨምሮ ይወስድለት ነበር። ሙር በ1803 የፈጠራ መብት ሲያገኝ ለሣጥኑ የሰጠው የእንግሊዝኛ ስም ዛሬ «ፍሪጅ» የምንለው ዕቃ መደበኛ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለዚያው ለቅቤ ጥያቄ የኢትዮጵያ ባለሙያ ሴቶች የሰጡት መልስ ተቃራኒ ነው፤ እነርሱ ያነሡት እሳት ነው። ቅቤው ከኮረሪማ፣ ከኮሰረትና ከእርድ ጋር ሲነጠር እንዲበላሽ የሚያደርገው ውሃና አጓት ይወጣለታል፤ በረዶ ሳያይም ወራት ይከርማል። ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ ያደረገው ብልኃትም ያው እርጥበትን ማስወጣት ነው፤ ከማንኛውም ማሽን ያላነሰ ጥበብ ነው።

በአሜሪካ የበረዶ ሣጥን በየቤቱ ሲስፋፋ የበረዶ ንግድም አብሮት አደገ። የቦስተኑ ፍሬድሪክ ቱዶር በ1806 ወደ ማርቲኒክ ደሴት፣ በ1833 ደግሞ እስከ ካልካታ ድረስ በረዶ በመርከብ ላከ፤ የሚያቆየውም ሰጋቱራ ነበር። የቤቱ ሣጥን ከሥሩ የቀለጠውን ውሃ የሚቀበል ሳህን ነበረው፤ ይህን ሳህን መድፋት የረሳ ቤት ወለሉ ይርሳል። ዛሬ በብዙ ፍሪጆች ከሞተሩ በላይ የተቀመጠው ትንሽ ሳህን የዚያ ወራሽ ነው። ከውስጥ በኩል በኋለኛው ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃውን ወደዚያ ታወርዳለች፣ የሞተሩም ሙቀት ያተነዋል። ቀዳዳዋ በምግብ ፍርፋሪ ከተደፈነች ውሃው ከአትክልት መሳቢያው ሥር ይጠራቀማል። ብዙ ሰው ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ባለሙያ የሚጠራበት ይህ ችግር በለብ ያለ ውሃና በቀጭን እንጨት ይፈታል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤት ፍሪጅ በ1913 ቺካጎ ላይ ለገበያ ቀረበ። በ1927 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ያወጣው፣ ሞተሩ ከነጋዙ ታሽጎ አናቱ ላይ እንደ ቆብ የተደፋበት ፍሪጅ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመረተ። አደጋው ጋዙ ላይ ነበር። በጊዜው የሚሞሉት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ መርዝ ናቸው፤ ከቱቦው ሲያመልጡ በእንቅልፍ ላይ ያለ ቤተሰብ ይፈጁ ነበር። አልበርት አይንስታይን ሳይቀር ከፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም የማያፈስ ፍሪጅ ነድፎ በ1930 የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቷል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ሚጅሊ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ፍሪዮን የተባለውን አዲስ የፍሪጅ ጋዝ በረጅሙ ወደ ሳንባው ሳበና በሻማ ላይ ተነፈሰው፤ ሻማው ጠፋ። ጋዙ መርዝ እንዳልሆነና እንደማይነድ በአንድ ትንፋሽ ታየ።

ጉዳቱ የታየው ከሰማይ ነው። ኬሚስቶቹ ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ በ1974 የዚህ ዓይነት ጋዞች የኦዞንን ሽፋን እንደሚበሉ ጻፉ፤ በ1987 እነዚህን ጋዞች የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ፍሪዮንን የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን አጥብቆ ያሞቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ላይ የተጀመረውና አሁን የተስፋፋው አይሶቡቴን ሁለቱንም አይጎዳም፤ ግን ይነዳል። በቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው መጠን በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው። ያም ሆኖ የጋገረ በረዶን በቢላ መፈንቀል ቱቦውን ሊበሳው ይችላል፤ ነቅሎ በሩን ከፍቶ በራሱ እንዲቀልጥ መተው ይሻላል። ጋዝ የሚሞላ ባለሙያም አስቀድሞ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ አለበት፤ ለአንዱ የተሠራ ሞተር ሌላውን አይቀበልም።

በሩም የራሱ አሳዛኝ ታሪክ አለው። የቀድሞዎቹ ፍሪጆች በር ከውጭ ብቻ በሚከፈት መቀርቀሪያ ይዘጋ ስለነበር በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ ድብብቆሽ የተጫወቱ ሕፃናት ታፍነው ይሞቱ ነበር። አሜሪካ በ1956 ከውስጥ ተገፍቶ የማይከፈት በር በሕግ ከለከለች፤ ማግኔት ያለው የበር ጎማ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው። ጎማው ሲቆሽሽ ወይም ሲሰነጠቅ አየር ያስገባል። አንድ ወረቀት በሩ ላይ ተይዞ ሲሳብ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው መጽዳት ወይም መቀየር አለበት።

ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ቦታ የላምባ ፍሪጅ ሠርቷል። በ1922 ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ የፈጠሩት ይህ ዓይነት ማሽን በእሳት ሙቀት ያቀዘቅዛል። በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የልጆችን ክትባት ያቆየው እሱ ነው፤ ነበልባሉን ማስተካከልና ክሩን መከርከምም የጤና ሠራተኛው የዕለት ሥራ ነበር።

በከተማ ፍሪጅ የበዓሉን አሠራር ለወጠ። የቅርጫ ሥጋ ቀድሞ በጥቂት ቀን ይበላና የተረፈው በገመድ ተሰጥቶ ቋንጣ ይሆን ነበር፤ አሁን በየፌስታሉ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይገባል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18፣ የታችኛው ክፍል ከ4 ዲግሪ ያልበለጠ መሆን አለበት። መብራት ሲሄድ ትልቁ ጥበብ በሩን አለመክፈት ነው፤ ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ብርዱን 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ይይዛል። መብራቱ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ነቅሎ መቆየት ሞተሩን ከመቃጠል ያድነዋል።