ኤ ላቭ ሱፕሪም
አሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች ጆን ኮልትሬን (1926–1967) ለአራት ሰው ባንዱ የደረሰው፣ ባለ አራት ክፍል የጃዝ ድርሰት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ፣ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ተቀርጾ በ1965 በኢምፐልስ አሳታሚነት ወጣ፤ ርዝመቱ 33 ደቂቃ ያህል ነው።

የሥራው ዘር ጂሚ ጋሪሰን በቤዝ የሚደጋግማት ባለ አራት ድምፅ ሐረግ ናት። ኮልትሬን ይቺኑ ሐረግ 12ቱንም ድምፆች በየተራ መነሻ እያደረገ ያዟዙራታል፤ ቀጥሎም የሥራው ርዕስ በሰው ድምፅ እየተደጋገመ ይዜምባታል። ለድርሰቱ በቅድሚያ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ እዚያው ይፈጥሩታል። በተለይ የኤልቪን ጆንስ ድራም አጃቢ ብቻ አይደለም፦ ሳክስፎኑን ይሞግታል፣ ይገፋል፣ ሦስተኛውንም ክፍል ብቻውን ይከፍታል። ፒያኖውን የሚጫወተው ማኮይ ታይነር ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው መደምደሚያው ነው። ኮልትሬን በአልበሙ ልባስ ላይ የታተመውን የራሱን የምስጋና ግጥም፣ ቃል ሳያወጣ፣ በሳክስፎኑ ያነበዋል።

ባንዱ ሙሉ ሥራውን በመድረክ ያቀረበው እምብዛም ነው። በጁላይ 1965 በፈረንሳይ አንቲብ ተጫውቶታል፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በሲያትል የተቀዳው ደግሞ በ2021 ታትሟል።