ስለ ብርድና ስለ ሙቀት አጠባበቅ በጌዴኦ ደጋ

በአማርኛ ክረምት የምንለው ወራት በፈረንጅ አገር ካለው የበረዶ ወራት ጋር አንድ አይደለም። የእነርሱ ብርድ የሚመጣው ፀሐይ ከአገራቸው በምትርቅበት ጊዜ ነው። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወራት ነው፤ ብርዱም ደመና ፀሐይን ስለሚጋርድና ምድሩ ስለሚርስ የሚሰማ ብርድ ነው። የውርጭ ብርድ ደግሞ የሚወርደው በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደገኛ ሁለት ብርድ አለበት፤ አንዱ እርጥብ፣ ሁለተኛው ደረቅ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጌዴኦ ደገኛ እነዚህን ብርዶች በምን አኳኋን ሲከላከል እንደ ኖረ ማመልከትና፣ ብርዱ ከልማዱ ለዘብ ያለበት ዓመት ለሕዝቡ በእርግጥ ዕረፍት ነውን? የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው።

ቀድሞ በመንግሥት መዝገብና በመጻሕፍት ደራሳ ይባል የነበረው የጌዴኦ አገር ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ ይገኛል። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ አንድ ዞን ሲሆን ዋና ከተማው ዲላ ነው። ዲላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስትሆን ከፍታዋ 1,570 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወደ ቡሌ ሲወጣ ግን መሬቱ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በዲላ ገበያ ነጠላ ለብሶ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ማታ ቡሌ ሲደርስ ጋቢ ይሻል። በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ስፍራ በክረምትና በበጋ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። በዚህ አገር ብርድ ወቅት ከመሆኑ ይልቅ ስፍራ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ብርድ ዋናው መከላከያ ልብስ ሳይሆን ቤት ነው። በእንሰት አገር ያለው የደቡብ ደጋ ቤት ክብ ሆኖ በቀርከሃና በእንጨት ይሠራል፤ ጣራው በሣር ይከደናል፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው። ክብ ቤት ለሚይዘው ስፍራ ከአራት ማዕዘን ቤት ያነሰ ግድግዳ ስለሚበቃው ለነፋስ የሚጋለጠው ገጹ ጥቂት ነው። ወፍራሙ የሣር ክዳንም በውስጡ አየር ይዞ ስለሚቆይ ሙቀቱ ቶሎ እንዳያመልጥ ያደርጋል። እሳቱ በቤቱ ውስጥ ይነዳል፤ ጭሱም የተለየ መውጫ ስለሌለው በክዳኑ ሥር ሲንሳፈፍ ቆይቶ ቀስ በቀስ በሣሩ መካከል ይወጣል። ከዚያ የሚቀረው ጥቀርሻ ቀርከሃውንና ክዳኑን ከሚበላ ተባይ ይጠብቃል። በአንዱ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድራል። አንዲት ላም ከአንድ ሰው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ስለምትሰጥ፣ ለደገኛው ከብት ሀብት ብቻ ሳትሆን እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ እስከ ንጋት የማትጠፋ ምድጃ ነበረች።

ቤቱም በበኩሉ በእንሰት መካከል የተከለለ ነው። ሰፊው የእንሰት ቅጠል ነፋሱን ይሰብራል፤ በጠራ ሌሊትም የምድሩ ሙቀት ወደ ሰማይ እንዳይበተን እንደ ሁለተኛ ጣራ ያገለግላል። የደረቀው ቅጠልና የግንዱ ልባስ ለመኝታ ይነጠፋል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። ምግቡም ከዚሁ ተክል ነው። ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ የሚብላላበት ጊዜ እንደ አገሩ ሙቀት ይለያያል፤ በወይና ደጋ በሳምንታት የሚደርሰው በብርዳማው ደጋ ወራት ይፈጃል።

ልብስን በተመለከተ ደገኛው ከቆላ ጋር ያለውን ግንኙነት እናገኛለን። ጥጥ በደጋ አይበቅልም። በመንዝ የበግ ጠጉር እየተፈተለ ባናና ዝተት ሲሠራ፣ በደቡብ ግን ሙቀትን የሚሰጠው ልብስ ጋቢና ቡልኮ ነው፤ ይህም ከቆላ የወጣ ጥጥ በጋሞ ደጋ በሚኖሩት በዶርዜ ሸማኔዎችና በመሰሎቻቸው እጅ ተሠርቶ በየገበያው የሚዳረስ ነው። እንግዲህ ደጋው የሚሞቀው በራሱ ሀብት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሙቀት ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ጭሱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በምድጃ አጠገብ የምትውለውን ሴትና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ነው፤ ዓይንንና ሳንባን ያውካል። እንደዚሁም ሰው ከብርድ የተነሣ ተጠጋግቶ ሲተኛና ልብሱን ሳያጥብ ሲቀር ቅማል ይበዛል። በኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የሚብሰው፣ በቅማል የሚተላለፈውና እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለ አሮጌው ቤት የሚጽፍ ሰው ብልሃቱን ብቻ አመስግኖ ይህን ቢተው ታሪኩን አጉድሎታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ብርድ የሚያስጨንቅ ቢሆንም ለደገኛው ቅጥር ነበር። የወባ ትንኝና በውስጧ ያለው የበሽታው ተሐዋስ ለመራባት ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው አገር በአብዛኛው ከንዳድ የተጠበቀ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመተው ጦር ከተማ ሲቆረቁር ደጋ ደጋውን የመረጠው ስፍራው ለመከላከል ስለሚመች ብቻ ሳይሆን ለጤናም ስለሚስማማው ነው። የሲዳሞ የቀድሞ ዋና ከተማ አገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ መሆኗ ለዚህ ምስክር ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በራስ ደስታ ዳምጠው አገረ ገዥነት ዘመን ግን ማዕከሉ ወደ ይርጋ ዓለም ወረደ። ዲላም የቡና ንግድ በበረታበትና ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍበት ለብ ያለ ስፍራ አደገች። ቡና ሰዎችን ከብርድ ወደ ሙቀት አወረዳቸው፤ ሲወርዱም ከቅጥሩ ወጡ።

ሙቀቱ ራሱ ወደ ላይ የወጣበት ዓመት ምን እንዳደረሰ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለት በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ታይቷል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልክ ያለፈ፣ አየሩም ከልማዱ የሞቀና የረጠበ ነበር። ብርዱ የለዘበለት ሰው ሳይደሰት አልቀረም ይሆናል። ነገር ግን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ሰፊ የኢትዮጵያ ደጋ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ጉዳቱን ያከፋው የደጋው ሰው በሽታውን ያልለመደ መሆኑ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት እንደሚወርድ አሳይቷል።

በቡናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና ጣዕም ከሚመሰገንበት ምክንያት አንዱ በከፍታው ቅዝቃዜ ፍሬው ቀስ ብሎ መብሰሉ ነው። ብርዱ ተባይንም ይከላከላል። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ የቡናን ፍሬ የሚበሳው ጥንዚዛ ከ1984 እ.ኤ.አ. በፊት በጅማ በብርዱ ምክንያት በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ለመጨረስ አይችልም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሙቀቱ በቅቶታል።

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል፤ ከሁሉም ይልቅ በፍጥነት የቀነሰው የቀዝቃዛ ሌሊቶች ቍጥር ነው። ቀድሞ በአንዳንድ ዓመት ብቻ ይገኝ የነበረው ለዘብ ያለ ሌሊት ልማድ እየሆነ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም ሙቀቱ በዚህ ከቀጠለ ዛሬ ለቡና ከሚስማማው የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ላይስማማ እንደሚችል፣ ቡናውም ወደ ከፍታ እንዲወጣ ግድ እንደሚሆን ያመለክታል። በጌዴኦ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ተቈጥሯል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። ከቡናው በላይ ባዶ መሬት የለም። ገብስ፣ ቀርከሃ፣ የከብት ግጦሽና የደገኛው እንሰት፣ ማለት የሙቀቱ ዕቃ ሁሉ፣ ያለው በዚያው ነው።

ቤቱም ተለውጧል። ቆርቆሮ ዝናብን ይከላከላል፤ ከእሳትም ከሣር ክዳን ይሻላል። ነገር ግን ቀጭን ስለ ሆነ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ከብቱ ከሰው መለየቱ ለጤና መልካም ነው፤ ሆኖም ምድጃው በዚያው መጠን ብዙ እንጨት ይጠይቃል። ለዘብ ያለው ሌሊት ይህን ጉድለት ስለሚሸፍነው የአሮጌው ቤት ዕውቀት ሲጠፋ የሚያስተውል የለም። ብርዱ ግን ለዘበ እንጂ አልጠፋም፤ አንድ የውርጭ ሌሊት ሲመጣ በቆርቆሮ ሥር ያለው ድኻ ከአያቱ የባሰ ይበርደዋል።

የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጀርመናዊው አዶልፍ የንሰን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ከመጣ ወዲህም የሕዝቡ የገዳ ሥርዓትና ትክል ድንጋዮቹ የብዙ ተመራማሪዎችን ዓይን ስበዋል። ትክል ድንጋይ ግን ቢዘገይም በስፍራው ይቆያል። የሣር ክዳን አከዳደን፣ በቤት ውስጥ የሰውና የከብት አቀማመጥ፣ ሽማግሌዎች ብርዱንና ወራቱን የሚጠሩባቸው ስሞች፣ ውርጭ በየትኛው ተዳፋት እስከ ምን ይወርድ እንደ ነበረ የሚያስታውሱት ነገር ግን ከባለቤቶቹ ጋር የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ወደ አገሩ የሚሄዱ ተማሪዎች ከዲላ ወደ ቡሌ ሲወጡ አስቀድመው ወደ ምድጃው ቀርበው ቢጠይቁና የሰሙትን ከነከፍታው መጠን ቢመዘግቡ ለሚከተሉት ተመራማሪዎች ታላቅ ረድኤት ይሆናል።