የበግ አንጐል ክትባትና የአንጐል መቈጣት



በወላይታ ምድር፣ በኦፋ ወረዳ፣ በገሱባና በአካባቢዋ ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው። ይህ ዘበኛ አብዶ ሰው የነከሰ እንደ ሆነ ግን የተነካሹ ሕይወት የሚንጠለጠለው ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአዲስ አበባ ይሰናዳ በነበረ መርፌ ላይ ነበር። ይኸው መርፌ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ለጥቂቶች ደግሞ ሌላ የአንጐል በሽታ አምጥቶባቸዋል። ታሪኩን ስንናገር ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠራለን።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለሰው የሰጠው በ1885 ነው። በአዲስ አበባ በ1903 በሽታው እንደ ተነሣ ተጽፏል። ኋላም በስሙ የሚጠራው ኢንስቲትዩት በዋና ከተማችን ተቋቋመ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይባላል። ጣልያናዊው ፌርሚ ባወጣው ዘዴ ከበግ አንጐል የሚሠራው ክትባትም በአገራችን እጅግ ረጅም ዘመን አገለገለ። ተነካሹ 14 ቀን በተከታታይ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ የተወጋ ሰው አይረሳውም።

ነገር ግን የበግ አንጐል የነርቭ ሽፋን አለበት፤ ይህም የሰውን ይመስላል። ሰውነት ባዕዱን ሊዋጋ የተነሣ እንደ ሆነ አንዳንዴ የራሱን አንጐልና ኅብለ ሠረሰር ይወጋል። በ1930ዎቹ በኒው ዮርክ ሪቨርስና ባልደረቦቹ ጦጣዎችን ጤነኛ የጥንቸል አንጐል ደጋግመው በመውጋት ያለ ምንም ተሐዋስያን ሽባ መሆናቸውን አሳዩ። በ1987ም በታይላንድ፣ ከዚህ ክትባት በኋላ በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ የነርቭን ሽፋን የሚዋጋ ንጥረ ነገር ተገኘ። በዚህ መቈጣት የሚያዘው ከ200 እስከ 2,000 ከሚደርሱ ተከታቢዎች አንዱ እንደ ሆነ ይገመታል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል። ራስ ምታትና ትኵሳት፣ ቀጥሎም የእግር መስነፍ፣ የሽንት መታገድ፣ የአእምሮ መደናገር ይከተላል። ታላቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ሽባ በማድረግ ሊጀምር ይችላል፤ ምልክቱ ከታየ ግን ከእርሱ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። ከክትባቱ የመጣው መቈጣት አንዳንዶችን ቢገድልም ብዙዎች ይድኑበታል። እንግዲህ ሁለቱን አንድ አድርጎ የቈጠረ ቤተ ሰብ ሊድን የሚችለውን ሕመምተኛ «በቃ፣ ውሻው ገደለው» ብሎ ከሐኪም ቤት ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ሽባነቱን የሰማ ጎረቤት መርፌውን ፈርቶ ቢያቋርጥ የሚጠብቀው የማይምረው በሽታ ነው። ሐኪሞቹ ክትባቱን ጉድለቱን እያወቁ የሰጡት በዚህ ምክንያት ነውና ልንወቅሳቸው አይገባም።

የዓለም የጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ ይህ ዐይነት ክትባት እንዲቀር አጥብቆ መክሯል፤ በሕዋስ ላይ የሚበቅለው አዲሱ ክትባት የአንጐል ሥጋ የለበትምና። ዳሩ ግን ዋጋው ውድ ስለ ነበር፣ የበጉ አንጐል መርፌ በኢትዮጵያ ከ2010 በኋላም ይሰጥ ነበር።

ሰውነት በራሱ አንጐል ላይ የሚነሣበት በሽታ ያለ ክትባትም ይመጣል። በ2007 ዳልማውና ባልደረቦቹ ከነዚህ አንዱን ለይተው ገለጡ። በ2013 የ577 ሕመምተኞች ታሪክ ሲመረመር፣ ሁለት ዓመት ከተከታተሏቸው መካከል ከመቶ 81ዱ ራሳቸውን ችለው ለመኖር በቅተዋል፤ ሕክምናውን ቶሎ የጀመሩትም የበለጠ ተሽሏቸዋል። ከመድኀኒቶቹ አንደኛው፣ መቈጣትን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ ዋጋው ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር በሽተኛውን «አብዷል» ወይም «ተለክፏል» ሳይሉ በጊዜው ከሐኪም ፊት ማድረስ ነው።