ብርሃን፥ ማግኔትና ራዲዮ በባሌ ደጋ

ከጎባ ተነሥተን ወደ ሳነቴ ሜዳ ስንወጣ አየሩ እየሳሳ፥ ብርዱም እየበረታ ይሄዳል፤ ነገር ግን በዚያ ብርድ ውስጥ ፀሐይዋ ፊትን ታቃጥላለች። 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ራዲዮ ብንከፍት ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ድምፅ እንሰማለን። ፊትን የሚያቃጥለውና ድምፅን ይዞ የሚመጣው በባሕርዩ አንድ መሆኑን ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. ፋራዴይ ማግኔት በብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያደርግ አየ። በ1865 ማክስዌል ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በሒሳብ ገለጠ፤ በ1888 ኸርትስ የራዲዮን ሞገድ በሙከራ አሳየ። በ1905 አይንሽታይን ብርሃን በጥቃቅን እሽግ እንደሚከፈል አስረዳ፤ እሽጉም ኋላ ፎቶን ተባለ።

ማግኔት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብርሃን አያወጣም፤ ኤሌክትሪክ በማሰራጫ ምሰሶ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ግን ሞገድ ይወለዳል። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ቢመላለስ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር ይሆናል። በዓይን የምናየው ብርሃን አንዱ ፎቶን ከዚህ ከራዲዮው ፎቶን 500 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበረታል፤ ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ከዚያም ይበልጣል። የራዲዮ ሞገድ እጅግ ቢበዛ ያሞቃል እንጂ እንደ ኤክስ ጨረር ኤሌክትሮንን ከአተም አይነጥልም። እንግዲህ «ጨረር» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተን በሮቤ የተተከለውን የራዲዮ ምሰሶ ብንፈራ፥ ስሙን እንጂ ነገሩን አላወቅንም ማለት ነው።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድምፁን አሰማ። የምድር ማግኔት ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋልና፥ በ1950 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ የማግኔቱን ለውጥ መመዝገብ ጀመረ።

ባሌ በግብርና በመሬት በደል ምክንያት ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባመፀችበት ዘመን ደግሞ የሞቃዲሾ ራዲዮ ቃል በደጋውም በቆላውም ይሰማ ነበር። ኬላ ጠባቂ ሰውን ያግዳል፥ ሞገድን ግን አያግድም። ቢሆንም ቁጣውን የወለደው በደሉ እንጂ ሞገዱ አልነበረም።

ፎቶን እውነትንና ሐሰትን ሳይለይ እኩል ይሸከማል። መለየት የሰሚው ፈንታ ነው፤ ሰሚውን ማስተማርም የእኛ የመንግሥት ሠራተኞችና የመምህራን ዕዳ ነው።